የሐጂ አብራር ማግኔት

ምስጋና የሰውን ልብ ጓዳ እሱ ብቻ ለሚያውቀው ለአላህ ይሁን። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ብር ሠሪ ሽማግሌ ነው። ከተማዋ የጥንት የንግድ ከተማ ናት፤ ስሟን ተዉት፣ የማናችንም ልትሆን ትችላለች።

ሐጂ አብራር ብር ከማቅለጣቸው በፊት የብሩን ብናኝ ጨርቅ ላይ ዘርግተው አንዲት የማግኔት ድንጋይ ያሳልፉበት ነበር። ከሞረዱ የረገፈ ብረት ካለ ዘሎ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል፤ ብሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሙያ ነው። ሰው ግን መቼ ባየው ይረጋል! "የሐጂ ድንጋይ ንጹሑን ከቆሻሻው ይለያል" ተባለ፤ ውሎ አድሮ ደግሞ "ሐራሙን ያወጣል" ተባለ። በድንጋዩ ያለፈ ጌጥ በረካ አለው እየተባለ የሙሽራ ቤተሰብ ሁሉ ከደጃቸው አይጠፋም። ሐጂ ይሰማሉ፤ ፈገግ ይላሉ፤ ዝም ይላሉ። "እኔ አላልኩም" እያሉ ራሳቸውን ያጽናናሉ።

አንድ ቀን ጦይብ የሚባል ባለጸጋ ልጁን ሲድር ከሙሽራዋ ጥንድ የብር አልቦ አንዱ ከእግሯ ሳይገባ ጠፋ። ጦይብ ቤቱ ገብተው የነበሩትን ወንዶች ሁሉ ግቢው ውስጥ አሰለፈና "ሐጂ ድንጋያቸውን ይዘው ይምጡልኝ" ብሎ ላከ። ሐጂ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ብድግ አለላቸው። እዚያው "ይህ አይሆንም" ማለት ይችሉ ነበር። ነፍስያ ግን ክፉ ናት፤ ደስ አላቸው። ድንጋዩን ለጦይብ ሰጡት።

ጦይብ "ቢስሚላህ" ብሎ ድንጋዩን በየሰዉ መዳፍና እጅጌ ላይ አሳለፈ። ምንም የለም። መጨረሻ ላይ ቀጥቃጩ ይመር ቆሟል፤ ጠዋት የበሩን መቀርቀሪያ ሊጠግን ገብቶ ነበር፣ አሁንም ከሥራው ላይ ተጠርቶ ነው የመጣው። ድንጋዩ እጅጌው ላይ ሲያርፍ ጥቁር ብናኝ ብድግ ብሎ ተለጠፈና ድንጋዩ ፂም ያበቀለ መሰለ።

"ሱብሐነላህ፣ ሐራሙ ወጣ" አለ ሰዉ። ቀድሞም በቀጥቃጭነቱ በክፉ ዓይን ያዩት ነበርና ሌላ ማስረጃ አላሻቸውም። ጦይብም "ፀሐይ ሳትጠልቅ ሚስትህንና ልጆችህን ይዘህ ከዚህ ከተማ ውጣ" አለው።

ይመር አልጮኸም። ወደ ሽማግሌው ዞሮ "ሐጂ፣ እርስዎ እኮ ያውቃሉ" አለ።

ሐጂ ድንጋዩን ከጦይብ እጅ ተቀበሉ። ቢናገሩ የአርባ ዓመት ስማቸው በአንድ ጀምበር አፈር ሊበላ ነው። ዝም ቢሉ የይመር አራት ልጆች ሜዳ ላይ ሊያድሩ ነው። ወዲያው አልተናገሩም፤ ይህን አልደብቅላቸውም፣ ሰው ነበሩ፣ ፈሩ።

በመጨረሻ "ጦይብ፣ የቀረውን አልቦ እስቲ አምጣልኝ" አሉ። መጣላቸው። ድንጋዩን ብሩ ላይ አሳረፉና አነሡት፤ ብሩ ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም። የመዳቡን ማንቆርቆሪያ አስነኩት፤ ያው ነው። የበሩን መቀርቀሪያ ሲያስነኩት ግን ቀጭ ብሎ ተጣበቀ።

"ይህ ድንጋይ ብር አያውቅም" አሉ። "ሌባው አልቦውን በብብቱ ይዞት ቢቆም እንኳ ዝም ብሎ ያልፈዋል። እሱ የሚያውቀው ብረት ነው። ይመር ብረት ሲሞርድ ውሎ መጣ፤ ያገኛችሁበትም ይኸው ነው።"

ጦይብ ፊቱ ጠቆረ። "ታዲያ እስከ ዛሬ በጌጣችን ላይ ሲያሳልፉት የኖሩት ምን ሊያደርግልን ነው?"

"የሞረድ ብናኝ ሊለቅም ነው። እናንተ በረካ ስትሉት እየሰማሁ ዝም አልኩ። ለገበያዬ ስለተመቸኝ ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።"

ይመር ወደ ቤቱ ገባ። አልቦው አልተገኘም። ሐጂ ደጅ ይመላለስ የነበረውም ሰው እግሩን አሳጠረ። ከወራት በኋላ ጦይብ መስጂድ በር ላይ አግኝቷቸው "ያ ድንጋይ አዋረደዎት አይደል ሐጂ?" ቢላቸው እንዲህ አሉት፦

"ድንጋዩማ ብረት አገኘ፣ ብረት አለ። እናንተ ሌባ አላችሁት። እኔ ዝም አልኩ። ከሁላችን ያልዋሸው እሱ ብቻ ነው።"

አላህ ይዘንላቸው። እኛ ውሸት በምላስ ብቻ የሚመጣ ይመስለናል። ሰው የሌለንን ማዕረግ ሲያለብሰን አንገት ደፍተን ዝም ማለቱንም ትሕትና እንለዋለን። ውዳሴው ስለሚጣፍጠን ማንን እንደሚጎዳ አንጠይቅም። ግን ያ ዝምታ ቦዝኖ አይቀመጥም፤ እኛ በክብር ወንበራችን ላይ ሳለን፣ አንድ ይመርን "ልጆችህን ይዘህ ውጣ" ይለዋል።