ትርንጎ ያጠጣችው ባዶ መደብ

አንድ ጊዜ፣ አያ አንበሶ «ጎረቤቱን የበላ ከመንደሬ ይውጣ!» ብሎ ካወጀ ወዲህ፣ ጅብና አህያ በአንድ ወንዝ ዳር ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። አትሳቁ፤ እውነቴን ነው። እመት አህያ በጓሮዋ ጎመን፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ታለማለች። አያ ጅቦ በጓሮው ምንም አያለማም። የወደቀ ነገር ካገኘ ይበላል፤ ካላገኘ ሆዱን ይዞ ይተኛል፤ ሲነቃ ደግሞ ከመተኛቱ በፊት ከነበረው የባሰ ይርበዋል።

አያ ጅቦ ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረችው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው። ሆዳም ነው፣ ሞኝም ነው፤ ልጁን ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚያያት። ትርንጎም ከእመት አህያ ልጅ ከቦራ ጋር ውላ የምታድር ጓደኛ ናት።

በዚያ መንደር ልጆች ሁሉ በየቤታቸው ጓሮ የራሳቸው ትንሽ መደብ ነበራቸው። ያለሙት ባቄላ እሸት ሲሆን ጎረቤት ይጠራሉ። ትልልቆቹ መጥተው ይቀመጣሉ፣ እሸቱን እየፈለፈሉ ይበላሉ፣ ልጁንም ይመርቁታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም «አንተ ሕፃን» አይለውም። ትርንጎ ግን መደብ ኖሯት አያውቅም። በሌሎች እሸት ላይ ተጠርታ ስትበላ «ያንቺስ መቼ ነው?» ይሏታል። አንገቷን ትደፋለች።

ይህ አንገት መድፋት አባቷን አንገበገበው። ስለዚህ አንድ ጠዋት ወደ እመት አህያ ደጅ ሄደ።

«እመት አህያ፣ እንዴት አደርሽ?»

«ይመስገነው፣ አያ ጅቦ። ምን እግር ጣለህ?» አለች፣ የቆየ ልማድ ሆኖባት ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ።

«ልጄ መደብ አማራት። እኔ ደግሞ ስለ ጓሮ የማውቀው ነገር የለም። ለልጅ የማያስቸግር ዘር ካለሽ ብዬ ነው።»

እመት አህያ ይህን ስትሰማ ፍርሃቷን ረሳችው። ስለ ጓሮ ከጠየቋት ምሳዋንም ትረሳለች።

«ጎመን አይሆናትም» አለች። «ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ በልጅ ጣት አይያዝም፤ ሁሉንም አንድ ቦታ ነው የምትደፋው። ቃሪያም ይዘገያል፣ ልጅ ደግሞ ትዕግሥት የለውም። ነጭ ሽንኩርት ጥሩ ነበር፤ ግን ከመሬት በታች ያለው ስለማይታያት በየቀኑ እየቆፈረች ታየዋለች። ለልጅ ባቄላ ነው። ፍሬው ትልቅ ነው፣ ለመያዝ ይመቻል፣ ቶሎም ብቅ ይላል።»

ከዚያም ለዘር ካስቀመጠችው ባቄላ ዘግና ሰጠችው። «ቦራም የሚዘራው ከዚሁ ነው። መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ንከረው። ሲያብጥ አውጣና በእርጥብ የኮባ ቅጠል ጠቅልለው። ጫፉ ነጭ ነጭ ሲያወጣ ትርንጎ በገዛ እጇ ትትከለው። አደራህን፣ አንተ እንዳትተክልላት፤ ልጅ የሚወደው ራሱ የተከለውን ነው።»

«እነክራለሁ፣ እጠቀልላለሁ፣ በገዛ እጇ» እያለ፣ እንዳይረሳው መንገዱን ሙሉ ሲደጋግመው ሄደ።

እንደተባለውም ነከረው። እንደተባለውም ጠቀለለው። የአያ ጅቦን ነገር እዚህ ላይ ብጨርሰው እንዴት ደስ ባለኝ!

ቅጠሉን የፈታ ዕለት ትርንጎ ውሃ ልትቀዳ ወንዝ ወርዳ ነበር። ፍሬዎቹ አብጠዋል፤ ከየጫፋቸውም ነጭ ነገር ብቅ ብሏል። አያ ጅቦ ሲያያቸው ምራቁን ዋጠ።

«ይሄማ በቆልት ነው!» አለ።

በቆልት ታውቃላችሁ፤ ተነክሮና አቆጥቁጦ የሚበላው ባቄላ ነው። ሊተከል የተዘጋጀ ባቄላና ሊበላ የተዘጋጀ በቆልት በመልክ አይለዩም። ልዩነታቸው አንዱ ወደ መሬት፣ ሌላው ወደ አፍ መሄዱ ብቻ ነው።

«አንዷን ልቅመሳት። ለልጄ የሚሆን ዘር መሆኑን ማረጋገጥ አለብኝ አይደል?» ብሎ ቀመሰ። ጣፈጠችው። «አንዷ ደህና ብትሆን የቀሩት ምን እንደሆኑ በምን አውቃለሁ?» ብሎ ማረጋገጡን ቀጠለ። ፍሬው ሲያልቅ ቅጠሉን ላሰው። ከዚያም ቅጠሉን በላው። ምን እንዳደረገ የገባው ቅጠሉን ከዋጠ በኋላ ነው።

በዚህ መካከል የትርንጎ ድምፅ ከቁልቁለቱ ተሰማ፤ እያንጎራጎረች ትመጣለች። አያ ጅቦ ተርበተበተ። የተተከለ እንዲመስል፣ ለዘሩ ያዘጋጀውን መደብ በጥፍሩ ጫር ጫር፣ በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«አባዬ፣ ቅጠሉን ፈታኸው?»

«ፈታሁት።»

«አወጣ?»

«አዎ፣ በጣም አወጣ።»

«ታዲያ የታለ?»

አያ ጅቦ መሬት መሬት እያየ፣ «ተከልኩልሽ» አለ።

የትርንጎ ፊት ትንሽ ጠቆረ። «በእጄ ልተክለው አልነበር?»

«ፀሐዩ ሊያደርቀው ሲል ጊዜ ነው።»

«እሺ፣ ግድ የለም። ውሃውን እኔ አጠጣዋለሁ» አለችና ቅሏን አዘንብላ፣ እንዳይጎዳ እየሳሳች፣ ባዶውን መሬት አጠጣችው። አባቷ ያኔውኑ አፈረ። ያኔውኑ ቢናገር ደግሞ ነገሩ በትንሽ ለቅሶ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ዛሬ ነገ እያለ ተወው።

ቀናት አለፉ። የቦራ ባቄላ አፈሩን ሰንጥቆ ብቅ አለ፣ ቅጠል አወጣ፣ ቁመት ጨመረ። የትርንጎ መደብ እንዳለ ጭቃ ሆኖ ቀረ። ጠዋትና ማታ ውሃ ትቀዳለች። አረም ሳይኖር ታርማለች። ወፍ ካረፈበት እየሮጠች ታባርራለች። ቦራም እየመጣ አብሯት ጭቃውን ሲመለከት ይቆያል።

«ምናልባት ያንቺ ባቄላ እንቅልፋም ይሆናል» ይላታል ሊያጽናናት።

«ዘሩ እኮ አንድ ነው» ትለዋለች።

አንድ ቀን ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ መዳፎቿን ዘርግታ ስታያቸው ቆየች።

«አባዬ፣ እጄ ክፉ ነው መሰለኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ሌሎቹ የነኩት ይበቅላል። እኔ የነካሁት አይበቅልም። ጅብ ስለሆንኩ ይሆን እንዴ?»

«ዝም በይ፣ አንቺ ልጅ!» ብሎ ጮኸባት። ከመጮህ በቀር ምን ይበል?

ትርንጎ ደንግጣ መዳፎቿን ሰበሰበች። «ይቅርታ አባዬ» አለች። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ነበረች፤ ልብ በሉልኝ!

አያ ጅቦ ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ ውሃ ስታጠጣ ማየት አልቻለም። ቅሏን ስታነሣ ፊቱን ያዞራል። አጥንት እንኳ አስጠላው። እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ነገር ግን ሞኝ ነውና ሐፍረቱን ተናግሮ ከመገላገል ይልቅ የሚደብቅበት ዘዴ ፍለጋ ወደ ቀበሮ ሄደ።

ቀበሮ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል። ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማና ጢሙን ላሰ።

«ለዚህ ነው የምትጨነቀው? ባዶ መደብ ላይ ባቄላ መሰካት ነዋ።»

«ከየት አምጥቼ?»

«ከቦራ መደብ።»

«ዘሩን የሰጠችኝ እናቱ ናት እኮ!»

«ይሻላላ! ዘሩ አንድ ከሆነ ማን ይለየዋል? ደግሞ ንገረኝ እስቲ፣ ልጅህ ታልቅስ ወይስ የጎረቤትህ ልጅ?»

«ልጄስ አታልቅስ» አለ አያ ጅቦ፣ ድምፁ ቀንሶ።

«እንግዲያው እነ እመት አህያ ወንዝ ሲወርዱ ጠብቀህ ግባ።»

ቀበሮ ከዚህ ምን ያገኛል ትሉ ይሆናል። ባቄላ እንኳ አይወድም። እሱ የሚወደው የጎረቤት ጉድ ነው።

አያ ጅቦ ገባ። ተክል ሥር እንዳለው፣ የሚቆመውም በሥሩ እንደሆነ አያውቅም፤ ለእሱ ባቄላ ማለት ከመሬት በላይ የሚታየው ነው። ስለዚህ የቦራን ባቄላ በጥርሱ ከግንዱ እየቀነጠሰ፣ በአፉ ይዞ ሮጠ። የትርንጎ መደብ ላይ ተራ በተራ ሰካው። ከዚያም ያለ ወትሮው በሩ ላይ ቁጭ አለ።

ትርንጎ ውሃ ቀድታ መጣች። ስታየው ቅሉ ከእጇ ወደቀ።

«በቀለ! አባዬ፣ በቀለልኝ!» እያለች አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አንዷን ቅጠል በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ፣ ሳቀች፤ ከዚያም አለቀሰች። «እመት አህያን ልጥራ! ቦራን ልጥራ!»

«ቆይ፣ ትርንጎ! ቆይ እንጂ!»

ማን ሊሰማው! ሄዳለች።

ቀትር ነበር። ሥር የሌለው ባቄላ ደግሞ የቀትር ፀሐይን አይችልም። አንዱ ባቄላ አንገቱን ደፋ፤ ቀጥሎም ጎረቤቱ። አያ ጅቦ አንዱን በመዳፉ ደግፎ ሲያቆም ሌላው ይወድቃል፤ ወደዚያ ሲዞር የመጀመሪያው ይተኛል። ላቡ እየተንጠባጠበ ሲያነሣና ሲጥል ደረሱበት።

ትርንጎ ከፊት ናት። ቦራ ከኋላዋ እያለቀሰ ይመጣል፤ ባቄላው ተቆርጦ ያገኘው ገና አሁን ነው። ለምን እንደሚያለቅስ አልጠየቀችውም። የእሷን ባቄላ ቢያይ ለቅሶውን የሚተው መስሏት እየጎተተች ነው ያመጣችው። እመት አህያም ተከትላቸዋለች። ለቅሶ የሰሙ ጎረቤቶችም መጡ። ቀበሮም ከመካከላቸው አለ።

ትርንጎ መደቡን አየች። «ቅድም ቆሞ ነበር» አለች። «እውነቴን ነው፣ ቅድም ቆሞ ነበር! ነክቼው ነው። አንዷን ቅጠል ነክቻት ነበር። እኔ ነኝ የገደልኩት!»

እመት አህያ ጎንበስ ብላ አንዱን በከንፈሯ መዘዘችው። ሥር የለውም። ጫፉ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። ቀና ብላ አያ ጅቦን አየችው። አያ ጅቦ እንዲህ ከምታየኝ በእርግጫ በመታችኝ ብሎ ተመኘ።

«አይ ጉድ!» አለ ቀበሮ ከጎረቤቶቹ መሐል። «ለካ የቦራን ባቄላ የሰረቀችው ትርንጎ ናት! የተገኘው በማን መደብ ላይ ነው? እስቲ እናንተው ፍረዱ!»

«የጅብ ልጅ!» አለች አንዲት ጦጣ። በዚያ መንደር ከሌላው መደብ የሰረቀ ልጅ ዳግመኛ እሸት ላይ አይጠራም።

ቦራ እንባውን ጠርጎ ጓደኛውን አያት። «ትርንጎ፣ አንቺ ነሽ?»

ትርንጎ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ ንገራቸው እንጂ። እኔ ወንዝ ነበርኩ።»

ቀበሮ አያ ጅቦን በዓይኑ ጠቀሰው። ዝም በል ማለቱ ነው። አያ ጅቦም ዝም አለ። ልደብቅለት ብችል በወደድኩ፤ ግን ልጁ ዓይን ዓይኑን እያየችው ዝም አለ። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው የተናገረው።

«እኔ ነኝ» አለ።

ድምፁ አልወጣምና ማንም አልሰማውም።

«እኔ ነኝ! የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ በጥርሴ። ትርንጎ የለችበትም። ዘሩንም የበላሁት እኔ ነኝ። በቆልት መስሎኝ ነው። አይ፣ አልመሰለኝም፤ የልጄ ዘር እንደሆነ አውቅ ነበር። መደቡ ውስጥ ምንም አልተተከለም። ይህን ሁሉ ጊዜ ስታጠጣ የነበረው ባዶ መሬት ነው።»

ቀበሮ በአጥሩ ሥር ሹልክ ብሎ ጠፋ።

አያ ጅቦ ልጁ የምትጮህበት፣ የምትነክሰው መስሎት ጠበቀ። እንድትነክሰውም ፈልጎ ነበር። እሷ ግን መዳፎቿን አገላብጣ አየችና፣

«ታዲያ እጄ ደህና ነው?» አለችው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

እመት አህያ ልጇን አቅፋ፣ «አይዞህ ቦራዬ፣ ሥሩ አልተነካም። ከሥር ያቆጠቁጣል» አለችው። ከዚያ ቤቷ ሄዳ ለበቆልት ነክራው የነበረውን፣ ያበጠና ነጭ ጫፍ ያወጣ ባቄላ ይዛ መጣች። አያ ጅቦ ሊቀበላት መዳፉን ዘረጋ። አልፋው ሄደችና ባቄላውን በትርንጎ እጅ ላይ አስቀመጠችው። ጎረቤት ሁሉ አየ። አያ ጅቦ የተዘረጋ መዳፉን ሰብስቦ ደረቱ ሥር ደበቀው።

ትርንጎ እያንዳንዷን ፍሬ በጣቷ ጉድጓድ እየሠራች በገዛ እጇ ተከለች።

«ውሃ ልቅዳልሽ?» አለ አባቷ ከዳር ሆኖ።

«ለቦራ ቅዳለት» አለችው።

ቀዳለት። ባቄላው እስኪደርስ፣ ሁለቱ ልጆች ሲጫወቱ፣ እሱ በዚያ ቁልቁለት ሲወጣና ሲወርድ ከረመ።

የትርንጎ እሸት የደረሰ ቀን መንደሩ በሙሉ ተጠራ። ትርንጎ ለሁሉም እየዞረች አደለች፤ የመጀመሪያውን ለቦራ ሰጠችው። አያ ጅቦ ከአጥሩ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ወደ እሱም ሄዳ የተፈለፈለ እሸት መዳፉ ላይ አደረገችለት።

«ብላ እንጂ፣ አባዬ» አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ቂም አልነበረም።

አንዷን ፍሬ አፉ ውስጥ አደረገ። የበሬ ጭን አጥንት የሚያደቅቅ መንጋጋ አንዲት ለጋ ባቄላ ማኘክ አቃተው። ጎረቤቶቹ «እደጊ፣ ተመንደጊ» እያሉ መረቁ። ተራው ደርሶ «አንተም መርቃት» ሲሉት፣ አያ ጅቦ አንገቱን ደፋ። ምርቃትም አልወጣው፣ ባቄላውም አልወረደለት።

ከዚህ የምንማረው፣ ያጠፋ ወላጅ ጥፋቱን ቶሎ ካልተናገረ ልጁ የራሷ ጥፋት መስሏት እንደምትሸከመው ነው።