ዋይ ሰው ሲበዛበት

«በርኖሱን የማያወልቅ አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ጉልላት፣ ስንዱ ጥያቄዋን ገና ሳትጨርስ።

ስንዱ የሱቅ ታፔላ ትጽፋለች። በዚያ ሳምንት የሕፃናት ልብስ ለምትሸጥ ሴት «ቤቢ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለማብዛት ከመጨረሻው ላይ ኤስ ብቻ ቀጥላ ጻፈች። መንገደኛው ሳቀ፤ ባለሱቋም አስፍቃ እንደገና አስጻፈቻት።

«ቦይ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሲበዛ ዋይ የሚባለው ፊደል እንዳለ ሆኖ ኤስ ይቀጠልበታል» ነበር ስንዱ ያለችው። «ቤቢ ሲበዛ ግን ዋይ ይወጣና አይ ይገባል፤ ኢ እና ኤስ ይከተሉታል። አንድ ፊደል፣ ሁለት ጠባይ። ምክንያቱን ካልነገሩኝ፣ መምህር፣ እጄ ፈርቷል፤ እንግሊዝኛ መጻፉን እተወዋለሁ።»

መምህር ጉልላት ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሕግ ከመድገም ምሳሌ መናገር ይቀናቸዋል።

«ሰውየው ቤቱ ወንዝ ዳር፣ ከመንደሩ መጨረሻ ላይ ነበረ። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጅ የለውም። ከአያቱ የወረሰው፣ ጅራቱ መሬት የሚጠርግ በርኖስ ነበረው። ሰው ሁሉ ‹ባለበርኖሱ› ይለዋል እንጂ ስሙን የሚጠራው አልነበረም። እሱም በርኖሱን ካወለቀ ሰው መሆኑ የሚቀር ይመስለው ነበር። ብቻውን ሲቀመጥ ‹ዋይ፣ ዋይ› ማለት ልማዱ ነው። ጎረቤቱ ይሰማዋል፤ ግን በሩን ዘግቶ የሚውል ሰው ነው። መንደርተኛው ደግሞ ‹አቶ ዋይ› ብሎ ስም አወጣለት። ሰው እንዲህ ነው፤ ማጽናናቱ ይከብደዋል፣ ስም ማውጣቱ ግን አይከብደውም።

«ከመንደሩ መካከል ሌላ ባለበርኖስ ነበረ። የዚህኛው ጎረቤት በሯ የማይዘጋ ደግ ሴት ነበረች። እንግዳ ሲመጣበት ውሃውን እሷ ታቀርባለች፣ እሳቱን እሷ ታነድዳለች። እሱ በርኖሱን እንደ ለበሰ ‹ቤት ለእንግዳ› ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

«አንድ የክረምት ቀን ወንዙ ሞላ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች መሻገር አቃታቸው፤ ዝናቡም ይደበድባቸው ጀመር። ገሚሶቹ ወደ መካከሉ ቤት ሄዱ። የቀሩት የወንዝ ዳሩን ሰው በር መቱ። ከነሱ ጋር ሕፃን የታቀፈች እናት ነበረች። ሰውየው በሩ ላይ ቆመ። እሳቱ ጠፍቷል፤ እንጨቱ አልተፈለጠም። በበርኖስ ደግሞ እንጨት አይፈለጥም።

«‹እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ምን ላደርግላችሁ› አለ።

«‹አባቴ፣› አለችው እናትየዋ፣ ‹ልጄ ማልቀስ ተወች።›

«ያን ጊዜ በርኖሱን አወለቀ። እናቲቱንና ልጂቱን ጠቀለለበት። ያ ሁሉ ግርማ ከላዩ ሲወርድ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ ሽማግሌ ሆኖ ቀረ። ወገቡን ታጠቀ። ከዚያም በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ከጓሮው ባሻገር ወደምትኖር ሴት ‹እህቴ፣ ድረሽልኝ› ብሎ ተጣራ። ሴትዮዋ ዝምተኛ ናት፤ ቃል ሳይወጣት ደረቅ እንጨት ተሸክማ ደረሰች። እሱ ፈለጠ፣ እሷ አነደደች፣ እንግዶቹም ገቡ። ቤቱ ሲሞቅ ልጂቱ አለቀሰች። በዚያ ቤት እንደዚያ ያስደሰተ ለቅሶ ተሰምቶ አያውቅም።

«ወንዙ ሲጎድል እናትየዋ በርኖሱን በትከሻው ላይ መልሳ ደረበችለትና ‹ስምዎን ይንገሩኝ፤ ለልጄ እነግራታለሁ› አለችው። እንግዶቹ ሄዱ። ሰውየው በርኖሱን ለብሶ ብቻውን ቀረ፤ ያው የጥንቱ ሰው ነው። ጠፍቶበት የነበረ ነገር የለም። ዝምተኛዋን ሴት ‹እግዜር ይስጥልኝ› አላት፤ ‹ደግሞ እንግዳ እንዲያመጣልኝ ወንዙንም ባርኮ ይሙላው።›»

መምህር ጉልላት ወደ ስንዱ ዞሩ።

«እንግዲህ ዋይ ባለበርኖሱ ነው። ጅራቱን አይተሽዋል። ቦይ ላይ ከጎኑ ኦ አለችለት፤ በሯ የማይዘጋ አናባቢ ናት። ስለዚህ ኤስ ሲመጣ እንደ ለበሰ ይቀበለዋል። ቤቢ ላይ ግን ጎረቤቱ ቢ ነው፤ ስትጠሪው አፍሽ እንዴት እንደሚዘጋ ተመልከቺ። ስለዚህ በርኖሱን አውልቆ አይ ይሆናል፤ ዝምተኛዋን ኢን ይጠራታል፤ ኤስም ይገባል። እንግዳው ሲሄድ መልሶ ዋይ ነው። ፈረንጆቹ ይህን አስበው ያወጡት አይመስለኝም፤ እኔን ግን ሠላሳ ዓመት አገልግሎኛል።

«ደግሞስ ምኑ ያስፈራሻል? በሬ ሲበዛ በሬዎች ነው፤ ሬን የሚነካት የለም። በግ ሲበዛ ግን ግ ጎ ሆኖ በጎች ይሆናል። በበግ እጅሽ ፈርቶ ያውቃል?»

ስንዱ ሳቀች። «አያውቅም» አለች።

«ጎረቤቱ በሩን የሚዘጋበት ዋይ ብቻውን ሲሆን ዋይ ነው፤ ሰው ሲበዛበት ዋይታው ይቀራል። ይህን ከያዝሽ አትሳሳቺም። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚጠይቀኝ ጠፍቶ፣ ከዚህች ወንበር ላይ ዋይ ዋይ ስል ነበር የከረምኩት። ዛሬ አንቺ ጥያቄ ይዘሽ የቤቴን በር መታሽ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። በይ አሁን ሂጂና ታፔላሽን ጻፊ።»