የንጉሡ ቀኝ እጅ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ የአውሮፓ ንጉሥ ከረጅም ጦርነት በኋላ አዲስ የብር ሳንቲም እንዲወጣ አዘዘ። “ሚዛኑን በቀኜ፣ ሰይፉን በግራዬ አድርጉት። ከእንግዲህ ፍርድ ከጦር እንደሚቀድም ሕዝቤ በእጁ ይዞ ይየው” አለ።

ማተሚያውን ብረት የሚቀርጸው መምህር ኦቶማር አርባ ዓመት በሙያው የኖረ፣ ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ ነበር። ብረቱ ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ይቀረጻል፤ ሲታተም ይቃናል። እሱም ፊደሉን እንደ ልማዱ ገልብጦ ቀረጸ፤ የንጉሡን ሥዕል ግን ከተሣለበት ወረቀት ሳይገለብጥ እንዳለ ቀዳው።

እኔ የሳንቲም ማተሚያ ቤቱ ጸሐፊ ነበርኩ። በሰም ላይ የወጣውን ሙከራ አይቼ ፊደሉን አርም ነበር። የዚያን ቀን ሰሙን ሳነሳ ሰይፉ በንጉሡ ቀኝ እጅ ነበር። ደግሜ አየሁት።

“ኧረ እዩአት፣ ንጉሡ ላይ አፍጥጣ ቀረች!” አለ አንዱ ሠራተኛ። “ልታገቢው ነው እንዴ?”

ሁሉም ሳቁ። ሰሙን ቶሎ አስቀመጥኩት።

“ፊደሉ እንዴት ነው ልጄ?” አለኝ መምህሩ።

“ፊደሉ ትክክል ነው” አልኩ። እውነቴን ነበር።

ሳንቲሙ ገበያ ወጣ። ሰዉም አገላብጦ እያየ “ለካ ጦርነቱ አላበቃም” አለ። ንጉሡ መምህሩን በሹማምንቱ ፊት አቆመው።

“ቀኜ የትኛው ነው?”

ሽማግሌው ሳንቲሙን ወደ ዓይኑ አስጠጋው። “ተሳስቻለሁ፣ ግርማዊ ሆይ።”

“ከመታተሙ በፊት ያየው ሰው የለም?”

“ማንም የለም። ጸሐፊዋም ያነበበችው ፊደሉን ብቻ ነው።”

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። መምህር ኦቶማር ከሥራውም ከከተማውም እንዲወጣ ተፈረደበት።

ሰይፉን በንጉሡ ቀኝ እጅ ያስቀመጠው የንጉሡ ፈቃድ አይደለም፤ የሽማግሌው ዓይን ብቻም አይደለም። የእኔ እፍረት ነው። ሰይፍ ያለቦታው የሚገባው ሁልጊዜ በክፉ ሰው እጅ አይደለም፤ አይቶ ዝም ባለ ሰውም ነው። እናንተስ ፊደሉን ብቻ አንብባችሁ ያለፋችሁት ምን አለ?

በማግስቱ ጠዋት የመምህሩን የመሣሪያ ከረጢት ተሸክሜ እስከ ከተማው በር ሸኘሁት። ደግነት መስሎት እጁን ራሴ ላይ ጭኖ መረቀኝ። “እንዳንቺ ያለ ልጅ ለሁሉም ይስጥ” አለኝ።

አንገቴን ደፍቼ “አሜን” አልኩ።