እጅ የማይነካው ቧንቧ

እኛ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ሰው ራሱ መሄድ ሲገባው ሌላ ከላከ፣ ራሱ መቆም ሲገባው ዕቃ ካቆመ፣ የምንላት አንዲት አባባል አለች። እንግዳ ሰው ሲሰማት ይስቃል። «ደግሞ ይሄ ምን ማለት ነው?» ይላል። እኛም አብረን እንስቃለን። እኔ ግን ሳቄን እስከ መጨረሻው አላደርሰውም። አባባሏ የተወለደች ቀን እዚያው ነበርኩ፤ በጥፋቱም ውስጥ የእኔ ድርሻ አለበት።

ደምሴ እባላለሁ። ሰፈርተኛው ደምሴ ቧንቧ ነው የሚለኝ፤ የአባቴን ስም የሚያውቅ ሰው ያለም አይመስለኝ። በዚህ ከተማ የውሃ መስመር ያልዘረጋሁበት ግቢ ጥቂት ነው። የአያ ሙሄንም ቤት የዘረጋሁት እኔ ነኝ።

አያ ሙሄ ፋብሪካ ውስጥ የፈትል ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ግን በምርቃታቸው ነው። ወሎ የምርቃት አገር ነው ይባላል፤ አያ ሙሄ ደግሞ ለወሎም ይተርፉ ነበር። ብቻ አንድ ጠባይ ነበራቸው። ሌላው ሽማግሌ በሠርግም በዱዓም ላይ ይመርቃል፤ እሳቸው ግን ውሃ እጃቸው ላይ ካልፈሰሰ አፋቸው አይፈታም። ከፈሰሰ ደግሞ ዝም ማለት አይችሉም። ለማዕድ ሲታጠቡ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ያስታጠባቸውን ሰው ሳይመርቁ እጃቸውን አያራግፉም። ስለዚህ እሳቸው ዘንድ ምሳ የተገኘ ሁሉ ማስታጠቢያውን ለመያዝ ይሽቀዳደም ነበር። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ተመርቄያለሁ። የመጀመሪያው ሚስት አመጣልኝ፤ ሁለተኛው እሷን አስቻለኝ።

ያልተመረቀው የገዛ ልጃቸው አበጋዝ ነው፤ ልጅ ሳለም ማስታጠቢያውን እንግዳው ይቀድመው ነበር።

አበጋዝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው፣ አባቱ ፋብሪካው ውስጥ ሥራ ሊያስይዙት ደጅ ሲጠኑ፣ እሱ ለካ ልቡ መንገድ ላይ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ፣ አባቱ መስጊድ እያሉ፣ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ወጣ። አልተሰናበተም። ከዚያ ሾፌር ሆነ፤ አሥራ አራት ዓመት ነዳ። መኪናው በከተማችን ሲያልፍ እንኳ ከበራፋቸው አይቆምም፤ ያፍር ነበር። ስኳሩን፣ ጋቢውን፣ መድኃኒቱን በሰው ይልካል። አያ ሙሄም «ደርሷል በሉት» ይላሉ፤ ሌላ አይጨምሩም።

በመጨረሻ የራሱን አይሱዙ ገዝቶ ጠቅልሎ ገባ። አባቱ አልተቆጡም። «እንኳን ደህና ገባህ» አሉት፤ ማዕድ አስቀረቡለት፤ ደህናውን መኝታ ቤት ለቀቁለት። አልረገሙትም፣ አልመረቁትም። አባትና ልጅ በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ሁለት ጨዋ እንግዶች ኖሩ።

ያን ሰሞን ቤታቸው ምሳ የበላ ሰው ሁሉ የሚያየው ነገር ነበር። ምግቡ ሲቀርብ አያ ሙሄ እጃቸውን ይዘረጉና ትንሽ ይቆያሉ። አበጋዝ ደግሞ ማስታጠቢያው ሳይነሳ ቀድሞ ከግቢው ቧንቧ ታጥቦ፣ እጁን እያራገፈ ይገባል። አያ ሙሄ እጁን ያዩታል። ከዚያ ቤቱን የሚያስተዳድሩት ታላቅ እህታቸው፣ እቴቴ ዘሐራ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ይነሱና ያስታጥቧቸዋል። «እቴቴ፣ ጉልበትሽ ይጽና» ይሏቸዋል። አበጋዝ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል።

አንድ ጠዋት አበጋዝ ሱቄ መጣና ስልኩን ከፍቶ ፎቶ አሳየኝ።

«ደምሴ፣ እንዲህ ያለውን ታውቀዋለህ?»

«እጅ የማይነካው ነው?»

«እሱ! ጅቡቲ አንድ ሆቴል ውስጥ ያየሁት ነው። እጅህን ስትዘረጋ ይፈሳል፣ ስትሰበስብ ይቆማል። አባባን ቁርጥማቱ እጃቸውን አስሮታል፤ ቧንቧ ማዞር አይችሉም። እቴቴም ደክማለች። ይሄን ብገጥምላቸው የሰው እጅ አይጠብቁም።»

እኔ ደግሞ ስለ ቧንቧ ከጠየቁኝ ዝም ማለት አላውቅም። «በመብራት የሚሠራ አለ፣ በባትሪ የሚሠራ አለ» አልኩት። «የመብራታችንን ነገር ታውቀዋለህ፤ የባትሪውን ውሰድ። ውሃችን ሲመጣ ደለል ይዞ ነው የሚመጣው፤ ማጣሪያ ያለውን ምረጥ፣ አለዚያ በወሩ ይታነቃል። ሮቶውንም ከፍ አድርገን እንሰቅለዋለን፤ ግፊት ካጣ እንደ ሕፃን ለሃጩን ነው የሚያዝረበርበው። ዓይኑ ደግሞ ከሩቅ የሚያይ አይሁን፤ ፎጣ በተወዛወዘ ቁጥር ውሃህን ሲያፈስልህ ይውላል።»

«ከሁሉ የቱ ይሻላል? አባባን ደስ የሚያሰኛቸው?»

«ቧንቧ ሰው ደስ ሲያሰኝ አይቼ አላውቅም» ብዬ ቀለድኩ።

አልሳቀም። የተከመረው ቱቦ ላይ ተቀመጠ።

«እውነቱን ልንገርህ» አለኝ። «እንዲመርቁኝ ፈልጌ ነው። በረሃ ላይ ጎማ ፈንድቶብን ከሞት ስንተርፍ፣ ጓደኞቼ ‹የአባቴ ምርቃት ነው ያተረፈኝ› ይላሉ። እኔ የምለው የለኝም። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው ደምሴ። የአባቴን ምርቃት ሁልጊዜ የምሰማው ለሌላ ሰው ሲወርድ ነው። ናፈቀኝ። የሌለኝ ነገር እንዴት እንደሚናፍቅ አላውቅም፣ ግን ናፈቀኝ።»

«ታዲያ ማስታጠቢያውን አንሳና ፊታቸው ቁማ! ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

«ሁለት ጊዜ አንስቼው ነበር። ዓይናቸውን ሳይ መልሼ አስቀመጥኩት። ጥዬያቸው ሄጄ፣ አሁን ጆግ ይዤ ብመጣ ምን ይሉኛል? መጀመሪያ ደህና ነገር ላድርግላቸው። እሱን ሲያዩ አፋቸው ይፈታል።»

እዚህ ላይ «ተው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እንዲህ ያለ ቧንቧ ገጥሜ አላውቅም ነበር፤ በከተማው የመጀመሪያው መሆን አማረኝ። «አብሽር! ከደሴ አምጣውና እኔ እገጥመዋለሁ» አልኩት።

ሐሙስ ዕለት ገጠምኩት። ውሃውን ከሮቶው ዘጋሁ፤ የድሮውን ቧንቧ በጂራቱቦ ፈትቼ አወጣሁ፤ አፉን ጠርጌ ቴፍሎን ጠቀለልኩ፤ የባትሪውን ሣጥን ከመታጠቢያው ሥር ደበቅሁ። አያ ሙሄ ከዘራቸውን ይዘው መጥተው በራፉ ላይ ቆሙ።

«ምን እየሠራህ ነው ደምሴ?»

«ማንም ሳይነካው ውሃ የሚሰጥ ቧንቧ ነው አያ ሙሄ።»

«ማን ነው ታዲያ የሚያስታጥበው?»

«ራሱ ነዋ!»

«ራሱ?» አሉ። ቧንቧውን በከዘራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። «የልጄ ሐሳብ ነው?»

«አዎ። ለእርስዎ ብሎ ነው ያመጣው። ምርጡን ነው የመረጠው።»

«ደግ» አሉና ቀስ ብለው ተመለሱ። እኔ ያን ጊዜ ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ ምሳ ተጠራሁ። ያለነው አራት ነን፤ አያ ሙሄ፣ እቴቴ ዘሐራ፣ አበጋዝና እኔ። እቴቴ ዘሐራ እንደ ልማዳቸው ማስታጠቢያውን ሊያነሱ ሲሉ አበጋዝ ብድግ አለ።

«ተይው እቴቴ! ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይለፋም።»

አባቱን ክንዳቸውን ይዞ ወደ መታጠቢያው ወሰዳቸው። አባቱን እንዲያ ሲነካ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኛም ተከትለን በራፉ ላይ ቆምን። አበጋዝ ሁሉን አመቻችቶ ወደ ኋላ ተመለሰና ግድግዳውን ተደግፎ እጁን አጣምሮ ቆመ። ፊቱ ተወጥሯል። እንኳን እሱ፣ እኔም አንገቴን አስግጌ ነበር፤ የሚጠብቀውን አውቃለኋ።

አያ ሙሄ ከቧንቧው ራቅ ብለው ቆመው እጃቸውን እንደ ወትሮው ዘረጉ። ውሃ የለም። ጠበቁ።

«ትንሽ ቀረብ ይበሉ አባባ» አለ አበጋዝ ከኋላቸው።

የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀረብ አሉ። ውሃው ወረደ፤ ሳያንስ ሳይበዛ፣ ቀስ ብሎ። ያ የተቆላለፈ ጣታቸው ውሃው ሥር ሲፍታታ አየሁ። ከዚያ አፋቸው ተፈታ።

«የዘረጋኸው እጅ አይታጠፍ፣ የያዝኸው ፍሬ አይርገፍ። መሪህ አይሳት፣ በረሃው ይብረድልህ። የሄድክበት ይቅና፣ የምትመለስበት ደጅ አይዘጋብህ። ሳትነግረኝ የወጣኸውን እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፤ አላህም አውፍ ይበልህ። እናትህ ብትኖር ይሄንኑ ነበር የምትልህ። ልጅ ወልደህ ለመሳም፣ እኔንም በወጉ ለመቅበር ያብቃህ።»

እንዲህ ያለ ምርቃት ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ሲያወርዱት ጺማቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲጨርሱ እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ውሃውም ቀጥ አለ። ዓይናቸውን ገለጡና ጆግ የያዘውን እጅ ፈለጉ። ፊት ለፊታቸው ያለው የሚያብለጨልጭ ብረት ነው። ዞር ሲሉ ልጃቸው እዚያ ማዶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ምነው እጅህ ባዶ ሆነ?» አሉት።

አበጋዝ ከተደገፈበት ተስፈንጥሮ መጣ። «አሚን! አሚን አባባ! ለእኔ ነው አይደል? ለእኔ ነው የመረቁት!»

«ቧንቧው እምቢ ሲለኝና ድምፅህን ከኋላዬ ስሰማ፣ ጆጉን አንስተህ ያፈሰስከው አንተ መስለኸኝ ነበር።»

«ታዲያ ለእኔ ይሁንልኛ!»

«ምርቃት ውሃውን ላፈሰሰ ነው ልጄ። አባቴ እንዲህ ብሎ ነው ያስረከበኝ። እኔ ከአንዱ አንስቼ ለሌላው ማዞር አልችልም።»

«እሺ ይድገሙልኝ። አሁን ጆጉን ላምጣ፣ ላፍስስልዎትና ይድገሙልኝ።»

አያ ሙሄ እርጥብ እጃቸውን አዩ። «አሥራ አራት ዓመት በሆዴ የቋጠርኩት ነበር» አሉ። «ማታ ማታ እንዲህ እለዋለሁ፣ እንዲህ እለዋለሁ እያልኩ። አንድ ጊዜ ነው የሚወጣው። እንዴት አድርጌ ነው የምደግመው?»

አያ ሙሄ በጋቢያቸው ጫፍ እጃቸውን አደረቁና ወደ ማዕዱ ሄዱ።

ኋላ የሆነውን እዚህ ላይ ልንገራችሁ፣ ሰው ሁልጊዜ ይጠይቀኛልና። በማግስቱ አበጋዝ ማስታጠቢያውን አነሳ። ቸኩሎ ግማሹን ውሃ አባቱ ጉልበት ላይ ደፋው። «ቀንህ ይባረክ» አሉት። አያ ሙሄ እስኪሞቱ ድረስ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከቤት ካልራቀ በቀር አንድም ማዕድ አላለፈውም። በየቀኑ መረቁት፤ ደህና ደህና ምርቃት። የዚያ ዓርቡ ግን ተመልሶ አልመጣም። ጆጉን እንደያዘ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ ዛሬ ይመጣ ይሆን እያለ ሲጠብቅ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ያኔ «ተው» ብዬው ቢሆን እላለሁ። ቧንቧው ደግሞ ይኸው እስከ ዛሬ አንዲት ጠብታ አንጠባጥቦ አያውቅም። የገጠምኩት ቧንቧ ሁሉ ያንጠባጥባል፤ ስሜን ማጥፋት ባይሆንብኝ፣ ይህኛው ያላንጠባጠበው በእኔ ሙያ አይደለም።

ያን ዕለት ግን፣ አያ ሙሄ ወደ ማዕዱ ሲሄዱ፣ አበጋዝ መታጠቢያው ፊት ብቻውን ቀረ። ምን እንደነካው አላውቅም፣ እጁን ወደ ቧንቧው ዘረጋ። ውሃው ወረደለት። ዝም ብሎ ሲፈስ አየው። እቴቴ ዘሐራ መጀመሪያ ሳቅ አፈናቸው፤ ኋላ ሳቁ ወደ እንባ ተለወጠባቸውና በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ አንድ ጊዜ የወንድማቸውን ልጅ፣ አንድ ጊዜ ያንን የሚያብለጨልጭ ብረት እያዩ እንዲህ አሉ፦ «ወይ ጉድ! ልጅ ቆሞ ቧንቧ ተመረቀ።»