ማንም ያላንኳኳው በር

አንድ የከተማ አስተዳዳሪ ነበር። ስሙ አቶ ዳምጠው ይባላል። ከተማው ትንሽ ነው፤ አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ገበያ፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ የማንጎ እርሻ ያለው ቆላማ ከተማ። አቶ ዳምጠው ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈርደው በእሱ ላይ ስለሆነ ነው።

በክረምቱ ወራት ወደ ከተማው ወረርሽኝ ገባ። ጠዋት ደህና የነበረው ሰው ማታ ይተኛል፤ የተኛውም ብዙ ጊዜ አይነሳም። አቶ ዳምጠው እንቅልፍ አጣ። ግብረ ኃይል አቋቁሞ አንድ ትእዛዝ አወጣ፦ በሽተኛ ያለበት ቤት በር ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል፤ ውስጥ ያለ ሰው አይወጣም፣ ውጭ ያለ አይገባም። ጨርቁን የሚፈታው ግብረ ኃይሉ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ቢፈታው ይቀጣል። ለቅሶ መቀመጥም ተከለከለ። የሞተውን ግብረ ኃይሉ ወስዶ ይቀብራል። ትእዛዙ ከባድ ነበር፤ ግን ብዙ ሰው አዳነ። ጥቅምት ሲጋመስ በሽታው ጠፋ። የግብረ ኃይሉ አባላት ተመስግነው ተበተኑ፤ እያንዳንዱም ወደ ሥራው ተመለሰ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አቶ ዳምጠው ሕዝቡን በትምህርት ቤቱ ሜዳ ሰበሰበ። ከተማው ከወረርሽኙ እንዴት እያገገመ እንደሆነ ሊነግራቸው ነው። ገበያው መከፈቱን፣ ተማሪዎች መመለሳቸውን፣ ለወፍጮ ቤቱ አዲስ ሞተር መገዛቱን ተናገረ። የሚያሳስበውንም አልደበቀም። ገበያተኛው ቀንሷል፤ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ እየሄዱ ነው፤ የጤና ጣቢያው መድኃኒት አልቋል። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ያም ሆኖ ያ ክፉ ቀን አልፏል! ዛሬ በከተማችን በሩ የተዘጋበት ሰው የለም!» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ጥያቄ ያለው እንዲጠይቅ ዕድል ተሰጠ። አንዱ ስለ ውኃ፣ ሌላው ስለ መንገድ ጠየቀ። በመጨረሻ ወይዘሮ ትርንጎ የምትባል፣ በወንዙ ዳር ሰፈር የምትኖር ሴት ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«ጌታዬ፣ እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው» አለች። «የጎረቤቴ የየሻረግ በሽታ መቼ ነው የሚያበቃው?»

«የቷ የሻረግ?» አለ አቶ ዳምጠው።

«የልብስ ሰፊው የወንድይራድ ሚስት ነቻ።»

በሜዳው ላይ ጉምጉምታ ተነሳ። ልብስ ሰፊው ወንድይራድ በወረርሽኙ መሞቱን የማያውቅ አልነበረም። ልጅ አልወለዱም። ሱቁ ተዘግቶ ሲከርም፣ ሚስቱ ወደ ዘመዶቿ አገር ሄዳለች ተባለ። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ሁሉም ግን አመነ።

«ወይዘሮ የሻረግ ከተማው ውስጥ ናት?» ሲል ጠየቀ አስተዳዳሪው።

«የት ትሄዳለች? ጨርቁ አልተፈታማ! እህልና ውኃ በአጥሩ ሥር አሾልኬላት ሳላነጋግራት እመለሳለሁ። መጥቼ ብጠይቅ ቢሮ ያሉት ልጆች ‹ግብረ ኃይሉ ፈርሷል፣ እኛን አይመለከትም› አሉኝ። እኔ እንዳልፈታው የፈታ ይቀጣል ተብሏል። ደግሞ...» ወይዘሮ ትርንጎ አንገቷን ደፋች። «ደግሞ እኔም እፈራለሁ። እስካሁን ካልፈቱላት አንድ ነገር ቢያውቁ ነው ብዬ።»

አቶ ዳምጠው የያዘውን ድምፅ ማጉያ ወንበር ላይ አስቀመጠና ያለ አንድ ቃል ወደ ወንዙ ዳር መራመድ ጀመረ። ሕዝቡ ተከተለው።

ቤቱ ሰፈሩ ዳር ላይ ነው። ጨርቁ በበሩ መቃን ላይ እንደታሰረ ነበር፤ ፀሐይ መጥጦት ቀይነቱን ለቆ ገርጥቷል። ሕዝቡ ከቤቱ ራቅ ብሎ ቆመ። ማንም ቁሙ አላላቸውም፤ እግራቸው ራሱ ያዛቸው። አቶ ዳምጠው ብቻውን ሄዶ አንኳኳ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ የሴት ድምፅ። «ማንም ሁን፣ አትጠጋ! ቤቱ በሽታ አለበት።»

«ወይዘሮ የሻረግ፣ እኔ ዳምጠው ነኝ። የከተማው አስተዳዳሪ። ይውጡ፤ በሽታው ጠፍቷል።»

ከዚያ ድምፁ ወደ በሩ ቀረበ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

አቶ ዳምጠው መልስ ለመስጠት አፉን ከፈተ። ጥቅምት ሊል ፈልጎ ነበር። ግን አላለውም። ዞር ብሎ ሕዝቡን አየ፤ የሚያግዘው አልነበረም።

«ቆይቷል» አለ በመጨረሻ። «ብዙ ቆይቷል።»

«እኔ ግን የትምህርት ቤቱን ደወል ሰምቻለሁ» አለች የሻረግ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እውነቱን ለማወቅ የምትጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር። «የገበያውንም ጫጫታ እሰማለሁ። ባለፈው ሰሞን ከበሮ ተመትቶ ሠርግ ሲያልፍ ሰምቻለሁ። ለሰው ሁሉ ተፈቅዶ ለእኔ ያልተፈቀደልኝ በሽታው እኔ ላይ ቢቀር ነው ብዬ አሰብሁ። እናንተ መጥታችሁ እስክትፈቱ አትውጪ ተብዬ የለ? ሰውን ከምጨርስ ብዬ ተቀመጥሁ።»

ከኋላ ከቆሙት ሴቶች አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሠርጉ የልጇ ነበር። ያን ዕለት በዚያው በር ፊት ለፊት እልል እያለች አልፋለች፤ ጨርቁንም አይታዋለች። ባዶ ቤት መስሏት ነበር።

አቶ ዳምጠው ጨርቁን ለመፍታት እጁን ዘረጋ። ቋጠሮው በዝናብና በፀሐይ ደርቆ እንጨት ሆኗል። በጣቱ ቢል አልሆነም። ቢላ የሚያቀብለው ሰው ፈልጎ ዞር አለ፤ ማንም ወደ እሱ አልተጠጋም። ጎንበስ አለና በጥርሱ ይዞ ጎተተው። ሕዝቡ ደንግጦ «እንዴ!» አለ። ጨርቁ ተተረተረና ወደቀ፤ በሩም ተከፈተ።

የሻረግ ደጃፉ ላይ ቆመች። ስትገባ ጥቁር የነበረው ፀጉሯ ነጥቷል። ብርሃኑ ዓይኗን ወግቷት በእጇ ከለለችው። አቶ ዳምጠው እጁን ሲዘረጋላት እጇን ወደ ኋላዋ ሸሸገች።

«አይሆንም፣ አልነካህም» አለች። «ልጆች አሉህ።»

እዚህ ላይ ሰውዬው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። የሻረግም ቁልቁል እያየችው፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማንንም መጠየቅ ያልቻለችውን ጠየቀችው።

«ባሌን የት ቀበራችሁት?»

አስተዳዳሪው አያውቅም ነበር። የሞቱት ሰዎች ቁጥር በቃሉ ነው፤ ወንድይራድ የት እንዳለ ግን አያውቅም። ቀና ብሎ ሕዝቡን ተመለከተ። ያን ጊዜ የእድሩ ዳኛ አቶ ልሳነወርቅ ከሰዉ መሃል ወጣ።

«ከማንጎው እርሻ በላይ ነው፣ እህቴ። እኔ ከሩቅ ቆሜ አይቻለሁ» አለ። «መጠጋት ተከልክሎ ነበር። አፈር አላለበስሁትም። አላለቀስንለትም። ለማናቸውም አላለቀስንም።»

ይህን ሲል ወይዘሮ ትርንጎ ጮኸች። «የሹዬ!» ብላ ሮጠችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። እነዚያን ሁሉ ወራት በአጥር ሥር ምግብ ስታቀብላት እጇን ነክታት አታውቅም። የሻረግ መጀመሪያ እንደ ግንድ ደርቃ ቆመች፤ ቆይታ ግን እጆቿ ተነሱ፣ ጎረቤቷን ያዙ፣ ከዚያም አልለቀቁም። ለቅሶው ከሁለቱ ወደ ሕዝቡ ተዛመተ። አንዱ «አባቴ!» አለ፤ ሌላዋ «ልጄን!» አለች። ለካ በየቤቱ የታፈነ እንባ ነበር። ገበያው ተከፍቶ፣ ትምህርቱ ተጀምሮ፣ ሠርግ ተሠርጎ፣ ከተማው ግን ሬሳውን ገና አልተሰናበተም ነበር።

ያን ዕለት እድሩ ድንኳን ተከለ። ለወንድይራድ ብቻ ሳይሆን በወረርሽኙ ለሞቱት ሁሉ ለቅሶ ተቀመጡ። በማግስቱም የሻረግን መሃል አድርገው ከማንጎው እርሻ በላይ ወጡ፤ የባሏን መቃብር አሳዩዋት፣ ድንጋይም ካቡበት።

አቶ ዳምጠው ከለቅሶው ሲመለስ ከተማውን በእግሩ ዞረ። ግብረ ኃይሉ ቀይ ጨርቅ ያልፈታላቸው ሌሎች ቤቶችም አገኘ። አንዳንዱ በራሱ ጊዜ ፈትቶ፣ እቀጣለሁ ብሎ እየተሳቀቀ ይኖራል። አንድ ሽማግሌ ጨርቁ ሳይነካ በጓሮ እየተሹለከለከ ይወጣና ይገባ ነበር። አስተዳዳሪው በየቤቱ ገብቶ ይቅርታ ጠየቀ። የሻረግ ቤት በሄደ ጊዜ፣ «ይቅር ይበሉኝ» ቢላት፣ «አንተ ስላዘዝህ አይደለም የከፋኝ» አለችው። «ትእዛዙ ደግ ነበር። አለመፈለጌ ነው የከፋኝ። ሞታለች ብሎ እንኳ የመጣ ሰው የለም።» ይቅር ማለቷንም አለማለቷንም አልነገረችውም። እሱም ሁለተኛ አልጠየቃትም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሕዝቡን በድጋሚ ሰበሰበ። ሰው ስለ መድኃኒቱና ስለ መንገዱ ሊሰማ ጆሮውን አቅንቶ ጠበቀ። አቶ ዳምጠው ግን ንግግሩን ከመጀመሩ በፊት፣ «እስቲ ግራ ቀኛችሁን ተመልከቱ» አለ። «እዚህ ሊኖር ሲገባው የሌለ ማን ነው?» ሕዝቡ ተያየ። ከዚያ እዚህም እዚያም ስም ይጠራ ጀመር። ስም የጠራው ሁሉ ሄዶ አይቶ እንዲመጣ ተደረገ፤ ስብሰባውም እስኪመለሱ ጠበቀ።

ይህን ታሪክ የምታነቡ ሁሉ ልብ በሉ። የሻረግን በቤቷ ያስቀራት ጭካኔ አልነበረም። አስተዳዳሪው ግብረ ኃይሉ ጨርቁን ሁሉ ፈትቷል ብሎ አሰበ፤ ጎረቤት አስተዳዳሪውን ጠበቀች፤ ሠርገኛው ቤቱ ባዶ ነው ብሎ አለፈ፤ እሷም የሰውን ቃል አምና ተቀመጠች። ክፉ ቀን አለፈ የምንለው ለእኛ ስላለፈ ብቻ ከሆነ፣ ገና አላለፈም። ሰውን በሩን እንዲዘጋ ያዘዘ፣ የመከፈቻው ጊዜ ሲደርስ ሄዶ ማንኳኳት አለበት። ያላዘዘውም ቢሆን በዚያ በር ሲያልፍ ውስጡ ሰው ይኖር ይሆን ብሎ መጠየቅ አለበት።

እናንተስ፣ «ወደ ዘመዶቹ ሄዷል» ተብሎ ሲነገራችሁ አምናችሁ የተዋችሁት ማን ነው? በእርግጥ መሄዱን አይታችኋል?