የትርንጎ በሶ

አንድ ቀን አቶ ድልነሳው የሚባሉ የመንዝ ገበሬ ልጃቸውን ትርንጎን ዩኒቨርሲቲ ሊያስገቡ ከደጋ ወደ ቆላ ወረዱ። አቶ ድልነሳው ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ሲያርሱ እንኳ በሬዎቻቸው ላይ አይጮኹም፤ ጉሮሮአቸውን ጠረግ ካደረጉ በሬዎቹ ራሳቸው ይዞራሉ ይባላል። ትምህርታቸው እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው። ለምን እንዳቋረጡ የጠየቃቸው ሰው ካለ «ገብሱ ደረሰ» ይሉታል፤ ከዚያ በላይ አይጨምሩም።

ትርንጎ ማለፏ የተሰማ ጊዜ የጎረቤት ሴቶች ከየቤታቸው ገብስ አዋጡ። ሸክሽከው፣ ቆልተው፣ አስፈጭተው ሲያበቁ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ በሶ ሆነ። ማዳበሪያው እውነተኛ የማዳበሪያ ከረጢት ነበር፤ በሆዱ ላይ «ዩሪያ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ተጽፎበታል። ትርንጎ ከጽሑፉ ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት።

«አባባ፣ ይሄን ተሸክሜ ዶርም ልገባ ነው?» አለች።

«እኔ እሸከመዋለሁ።»

«መሸከሙን አይደለም። ልጆቹ ይስቁብኛል።»

«ሲርባቸው ይተዋሉ» አሉ አቶ ድልነሳው፤ የከረጢቱንም አፍ በጠፍር አሰሩት።

እውነቱን ለመናገር ሌላም ምክንያት ነበረ። እስከ መኸር ድረስ ከቤት የሚላክላት ምንም ነገር የለም። ይህን አባትም ልጅም ያውቁታል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረው ግን የለም። ስለዚህ በሶው ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወጣ። አባቷ ወደ እርሻ ውሃ የሚወስዱበት ቢጫ ጀሪካንም ከጎኑ ተንጠለጠለ። ትርንጎ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ የሚያውቃት ሰው እንዳይኖር እየጸለየች ተጓዘች። ጸሎቷ ሰመረ፤ አንድም የሚያውቃት አልነበረም። ጀሪካኑ ግን መንገዱን ሙሉ ጣሪያው ላይ ከበሮ ሲመታ ዋለ።

ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት አንድ ሱቅ አለ። ባለሱቁ አፈ ቀላጤ ጎልማሳ ነው፤ ገና ሲያያቸው ተነሣ።

«አባት፣ የዶርም ዕቃ ከሆነ እኔን ይጠይቁኝ! የዘንድሮን ፍሬሽ ሁሉ አሟልቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የአልጋ መጋረጃ። ሴት ልጅ ያለ መጋረጃ አትተኛም።»

«ስትተኛ ዓይኗን ትጨፍናለች» አሉ አቶ ድልነሳው።

ባለሱቁ ትንሽ ደንገጥ አለና መጋረጃውን መለሰ።

«እሺ፣ መስተዋት። ያለ መስተዋት እንዴት ከቤት ይወጣል?»

«አንድ ክፍል ስንት ሆነው ነው የሚኖሩት?»

«ስድስት።»

«አምስቱ ይነግሯታል።»

«ካውያስ? በተጨማደደ ልብስ ክፍል ልትገባ ነው?»

«ፍራሹ ሥር አንጥፋ ትተኛበት።»

ባለሱቁ ወደ ትርንጎ ዞረ። «እህቴ፣ እኚህ አባትሽ ጠበቃ ናቸው እንዴ?»

«ገበሬ ናቸው» አለች ትርንጎ፤ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት።

በመጨረሻ የገዙላት ብርድ ልብስ፣ ባልዲ፣ ሳሙናና አንድ የቁም ሣጥን ጓጉንቸር ነው። ጓጉንቸሩን አቶ ድልነሳው ራሳቸው ቆልፈው፣ እንደ ቀንበር ማነቂያ ጎተት ጎተት አድርገው ፈተሹት። ከዚያ «አንቺ ባልዲውን ይዘሽ ቅደሚ» አሏትና ትንሽ ወደ ኋላ ቀሩ። ትርንጎ ከባለሱቁ ጋር ስለ ዋጋ እየተከራከሩ ይሆናል ብላ አልዞረችም። እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ተራመደች።

የሴቶቹ ዶርም በር ላይ ሰልፍ ነበር። ከሰልፉ ራስ፣ አንድ ጠረጴዛ ኋላ፣ የቁልፍ ዘለላ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ሴትዮ ቆመዋል፤ ወይዘሮ ፀዳለ ይባላሉ፤ የዶርሙ ተቆጣጣሪ ናቸው። ተማሪዎቹ «ፕሮክተር» ይሏቸዋል። እሳቸው የማያውቁት ነገር የለም፤ የሚያውቁትንም ለራሳቸው አያስቀሩም።

«ስሙኝ ወላጆች!» ይላሉ፤ ድምፃቸው እስከ ዋናው በር ይሰማል። «ጀሪካን የሌላት ልጅ ይህን በር አታልፍም! በዚህ ግቢ ውሃ የለም። ዛሬ የለም፣ ነገም የለም። ቧንቧው ለጌጥ ነው።»

«በጭራሽ የለም?» አለ አንድ ከሰልፉ ውስጥ ያለ አባት።

«አንዲት ጠብታ ብትገኝ ይህን ቁልፍ አስረክቤ ቤቴ እገባለሁ!» አሉና ዘለላውን አንሥተው ለሁሉም አሳዩት።

ሰልፉ ተላወሰ። ሻንጣ በሻንጣ ላይ የደረደሩ ወላጆች ጀሪካን ፍለጋ ወደ ሱቁ ሮጡ። ለካ ባለሱቁ ያን ሁሉ ሲዘረዝር ጀሪካንን አላነሣም ነበር። በዚህ ሁኔታ የአቶ ድልነሳው ተራ ሳይታሰብ ደረሰ።

ወይዘሮ ፀዳለ ቢጫውን ጀሪካን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«እሰይ! አባት ማለት እንዲህ ነው! አያችሁ? ከገጠር መጥተው ከተሜውን ሁሉ በለጡት!»

ትርንጎ ያን ጊዜ ከጉዞው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ቆመች። ግን ብዙም አልቆየችም። ወይዘሮ ፀዳለ በጫማቸው ጫፍ ከረጢቱን ነካ አደረጉት።

«ይሄስ ምንድን ነው? ማዳበሪያ? ልጅትዋ ልታርስ ነው የመጣችው?»

ከኋላ አንዳንድ ልጆች ሳቁ።

«በሶ ነው» አሉ አቶ ድልነሳው።

«በሶ!» ወይዘሮ ፀዳለ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ያንብቡ፤ ካልሆነም እኔ ላንብብልዎ። ምግብ ይዞ ዶርም መግባት ክልክል ነው። አይጥ ይጠራል። አምና አንዷ ጭኮ ደብቃ አስገብታ፣ አይጡ ከኛ ጋር ሴሚስተሩን ጨርሶ ነው የወጣ! ጀሪካኑ ይግባ፣ ልጅቷ ትግባ፣ በሶው ይመለስ።»

ትርንጎ የከረጢቱን ጆሮ ያዘች። ለምን እንደያዘችው አላወቀችም። መንገዱን ሙሉ ያፈረችበት ነገር ነው፤ አሁን ይመለስ ሲባል ግን የመንደሯ ሴቶች ሁሉ አብረው የሚመለሱባት መሰላት። ከመኸር በፊት ሌላ ነገር እንደማይመጣ ደግሞ ታውቃለች።

«አባባ፣ ይተዉት» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ካፌ አለ። ይበቃኛል።»

አቶ ድልነሳው ከረጢቱን አዩ። ከበሩ ጎን ያለውን ቧንቧ አዩ፤ አፉ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። ከዚያ ጉሮሮአቸውን ጠረግ አደረጉ።

ትርንጎ ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። በሬ የሚያዞር ድምፅ ነው።

«እመቤቴ፣ በሶ ምግብ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው አባቴ! ፊደል ስንቆጥር ‹በሶ በላ› እያልን አይደል እንዴ ማንበብ የለመድነው? ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል!»

«እኔም እዚያ ድረስ ተምሬአለሁ» አሉ አቶ ድልነሳው። «መብላቱን ነግረውናል። ውሃውን ከየት እንዳመጣ ግን አልነገሩንም።»

ሰልፉ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ።

«ምን ለማለት ነው?» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ።

«ይህ ዱቄት ነው። ምግብ የሚሆነው ውሃ ሲነካው ነው። ምግብ ነው ካሉኝ ውሃ አለ ማለት ነውና እኔ በሶዬን ይዤ ልመለስ፣ እርስዎም ቁልፍዎን አስረክበው ቤትዎ ይግቡ። ውሃ የለም ካሉኝ ደግሞ ዱቄቱን ያስገቡልኝ። ውሃ የመጣ ዕለት ምግብ ይሆናል፤ ያን ዕለት መጥተው ይውረሱባት።»

ትርንጎ አባቷ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም። ወይዘሮ ፀዳለ ቧንቧውን አዩ፤ ከረጢቱን አዩ፤ አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ዳበስ አደረጉ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ሳቁ አመለጣቸው፤ ከዚያ ሰልፉ በሙሉ አጀባቸው። ቅድም የሳቁት ልጆች ሳይቀሩ።

«ይግባ!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ዱቄቱ ይግባ! ግን አባቴ፣ አይጥ ዱቄትና ምግብ አይለይም፤ ይህን ምን ሊሉኝ ነው?»

«ጓጉንቸሩን ለአይጡ ነው የገዛሁት።»

ወይዘሮ ፀዳለ ከዚህ በኋላ አልተከራከሩም። ራሳቸው የከረጢቱን አንድ ጆሮ ይዘው እስከ ደረጃው ድረስ አገዙ።

ወንድ ከበሩ አያልፍምና አቶ ድልነሳው እዚያው ቆሙ። ትርንጎ ምን ብላ እንደምትሰናበታቸው ስታስብ፣ እሳቸው ከጋቢያቸው ሥር አንድ ነገር አውጥተው እጇ ላይ አኖሩ። መዳፍ የምታህል መስተዋት ናት።

«አምስቱ የዋሹሽ እንደሆነ» አሏት፤ ግንባሯን ስመው ወደ መናኸሪያው መንገድ ጀመሩ። ዞር ብለው አላዩም። ትርንጎ ግን መስተዋቷን ከፍ አድርጋ፣ ዋናውን በር እስኪያልፉ ድረስ በመስተዋቷ ውስጥ አየቻቸው፤ እያለቀሰች መሆኗን ማንም እንዳያይ ጀርባዋን ለሰልፉ ሰጥታ።

ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ ዶርም ቧንቧው ባንኮራፋ ቁጥር፣ ልጆቹ ባልዲ ይዘው ከመሮጣቸው በፊት የትርንጎ በር ይንኳኳል። ስትከፍተው ወይዘሮ ፀዳለ ናቸው፤ ቁልፉ እንደ ሁልጊዜው አንገታቸው ላይ፣ በእጃቸው ደግሞ ባዶ ኩባያ።

«ውሃ መጥቷል» ይላሉ ኮስተር ብለው። «ልወርስ ነው የመጣሁት።»