ከጎፈር ወደ ጎፈር የተሻገረው ድንጋይ

ተረት ተረት፤ ተረቴ መጥታለች፣ በሩን ክፈቱላት።

በአንድ የድርቅ ዘመን ንጉሥ አንበሳ የአገሩን ብቸኛ ምንጭ ለራሱ ዘጋና አራዊቱን በጥም ፈጃቸው። ልጁ ለምኖት እምቢ ቢለው ሸፈተ፤ ተዋግቶም አባቱን ወደ ዋሻው አባረረና ምንጩን ከፈተ። አራዊቱ ሲጠጡ ደስ ቢለውም አባቱን ያቆሰለበት መዳፉ ግን ከበደው።

በማግስቱ፣ ምሕረት የሚለምን ሽፍታ እንደሚያደርገው፣ ድንጋይ በጎፈሩ ላይ ተሸክሞ ወደ ዋሻው ተነሣ።

ጅብ መንገድ ላይ አይቶት ሳቀ። «ጌታው፣ ድንጋይ የሚሸከመው የተሸነፈ ነው። አሸናፊ ሲሸከም ዛሬ ገና አየሁ።»

«ያሸነፍኩት ንጉሡን ነው፤ ያቆሰልኩት ግን አባቴን ነው» አለው።

ደርሶ ከዋሻው ደጃፍ ተንበረከከ። አባቱ ቁስሉን መላሱን ትቶ ድንጋዩን አየ።

«ይከብዳል?»

«ይከብዳል፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ወደ እኔ አንገት አሻግረው። ምንጩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው አንበሳ ድንጋዩን ተሸክሞ እያነከሰ ወደ ምንጩ ወረደ፤ ግልገሏ በጥም በሞተባት በድኩላ ፊትም አጎነበሰ።

ድኩላ ትክ ብላ አየችው። «ድንጋዩን ያውርዱ ለማለት አንጀቴ እምቢ አለኝ። ጥምን ግን አውቀዋለሁ፤ ይጠጡ፣ ጌታዬ» ብላ ፈቀቅ አለችለት።

ሽማግሌው ድንጋዩን እንደተሸከመ ጠጣ። ልጁም ከጎኑ ቆሞ፣ ጠጥቶ እስኪያበቃ ድረስ፣ ድንጋዩን በትከሻው ደገፈለት።

ተረቴን ሸኟት፤ በሩን ግን አትዝጉት።